ዊልያም ፎክነርና የአዲ ባንድረን ቀብር

ስማቸው በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ እየተጠራ መጽሐፋቸው ግን እስከ መጨረሻው ገጽ እምብዛም ከማይነበብላቸው ደራስያን አንዱ አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ለሞት ተኝቼ ሳለሁ» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለዱን ከመካከላችን ብዙዎች ጀምረው ጥቂት ገጾች ካነበቡ በኋላ ዘግተውታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተራኪው በየምዕራፉ ይለዋወጣል፤ ማን ለማን ምን እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚያስረዳ የለም። እኛም በመጀመሪያው ጊዜ ዘግተነው ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስናነሣው ግን የደራሲውን የሕይወት ታሪክ አስቀድመን አንብበን ስለ ነበር መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ታየን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የፎክነርን ሕይወት ባጭሩ እንተርካለን፤ በሄድንበትም ሁሉ ያን ልብ ወለድ አንለቅም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ፎክነር የተወለደው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በሚሲሲፒ ግዛት ኒው ኦልባኒ በምትባል ትንሽ ከተማ በሴፕቴምበር 25 ቀን 1897 ነው። አባቱ መሪ፥ እናቱ ሞድ ይባላሉ። ከአራት ወንዶች ልጆች እርሱ የበኵር ነበር። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው፥ በ1902፥ ቤተ ሰቡ ኦክስፎርድ ወደምትባለው ከተማ ተዛወረ። ይህች ኦክስፎርድ የእንግሊዝ አገሯ አይደለችም፤ ነገር ግን የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ናት። አባቱ በዚያች ከተማ ፈረስና ሠረገላ የሚያከራይ ጋጣ ከፍቶ፥ ኋላም የብረታ ብረት ሱቅ ይዞ ሠርቶ፥ በመጨረሻ በዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ሥራ አገኘ። እንግዲህ ፎክነር ከጥቂት ዓመታት በስተቀር ዕድሜውን በሙሉ የኖረባት፥ በልብ ወለዶቹም ጄፈርሰን ብሎ የሰየማት ከተማ ይህች ናት።

በዚያ ቤት ከሕያዋኑ ይልቅ የሚነሣው የአንድ ሙት ስም ነበር። ቅድመ አያቱ ዊልያም ክላርክ ፎክነር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ኮሎኔል፥ ከጦርነቱም በኋላ ጠበቃና የባቡር ሐዲድ ሠሪ ነበር። ከዚህም በላይ በ1881 የታተመ፥ ብዙ ሰው የገዛው አንድ ልብ ወለድ ጽፏል። በ1889 የቀድሞ የንግድ ሸሪኩ በአደባባይ በጥይት መትቶ ገደለው። ትንሹ ዊልያም በትምህርት ቤት ስታድግ ምን ትሆናለህ ተብሎ ሲጠየቅ፥ እንደ ቅድመ አያቴ ደራሲ እሆናለሁ እያለ ይመልስ እንደ ነበረ ይነገራል። ስሙን ከዚያ ሙት ወርሷል፤ ሥራውንም ከእርሱ ለመውረስ አስቧል።

ልጆቹን ያሳደገችው ከእናቲቱ ጋር ካሮላይን ባር የምትባል ጥቁር ሞግዚት ነበረች። በባርነት ዘመን የተወለደች ሴት ስትሆን፥ ማንበብና መጻፍ ባትችልም ተረት አዋቂ ነበረች። የቤቱ ልጆች እማማ ካሊ ይሏት ነበር። ይህችን ሴት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ እርሷ እንመለሳለንና።

ፎክነር በትምህርት ጎበዝ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወ። ከልጅነት ጀምሮ የሚወዳት ኤስቴል ኦልድሃም በ1918 ሌላ ሰው ባገባች ጊዜ ከተማውን ለቆ ካናዳ ሄደና በእንግሊዝ አየር ኃይል ለአብራሪነት ሥልጠና ተመዘገበ። ሥልጠናው ሳያልቅ ጦርነቱ አለቀ። እርሱ ግን የመኰንን ልብስ ለብሶ፥ እያነከሰ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አውሮፕላን ይዞ እንደ ወደቀና እንደ ቆሰለ ለብዙ ሰው አወራ። አንዱም እውነት አልነበረም። በቤተ ሰቡ ስም ላይ አንድ ፊደል የጨመረውም በዚሁ ወራት ነው። ይህን የምንጽፈው ልናሳፍረው ብለን አይደለም፤ ገና ከወጣትነቱ ራሱን እንደ ልብ ወለድ ሰው ይፈጥር እንደ ነበረ ለማሳየት ነው።

በ1919 የጦር ተመላሽ በመሆኑ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ወደ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለተማሪዎቹ ጋዜጣ ግጥምና ሥዕል እየሰጠ አንድ ዓመት ያህል ቆየና ትምህርቱን አቋረጠ። ኋላ የዓለም መምህራን መጽሐፎቹን የሚያስተምሩለት ሰው በእንግሊዝኛ ክፍል ያገኘው ማርክ ዝቅተኛ ነበር። ተማሪዎቹ በኩሩ አለባበሱና በሥራ ፈትነቱ እየሳቁ የማይረባ መስፍን የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆኖ እስከ 1924 ሠራ፤ ሠራ ከተባለ። የሰው መጽሔት ሳያድል አስቀድሞ እያነበበ፥ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ እየተጫወተ ደንበኞቹን ያስቆም ስለ ነበር ክስ ቀርቦበት ሥራውን ለቀቀ።

በ1925 ኒው ኦርሊንስ ሄዶ ሼርውድ አንደርሰን ከተባለው ደራሲ ጋር ተቀራረበ። የመጀመሪያው ልብ ወለዱ በ1926፥ ሁለተኛው በ1927 ታተመ። በእነዚህ መጻሕፍት የሌሎችን አካሄድ ይከተል ነበር። በ1929 በታተመው «ሳርቶሪስ» ግን ዓይኑን ወደ ገዛ ወንዙ መለሰ፤ ቅድመ አያቱን፥ ከተማውን፥ ገጠሩን መጻፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር «ድምፅና ቁጣ» የተባለው ታላቅ ሥራው ወጣ፤ የገዛው ሰው ግን ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ኤስቴልን አገባ። ከመጀመሪያ ባልዋ ተፋትታ ሁለት ልጆች ይዛ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላው፥ አራት ልብ ወለድ ያሳተመ፥ ገንዘብ የሌለው፥ ባንድ ቀን የአራት ሰው ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው ደመወዝ መፈለግ ነበረበትና በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሌሊት ሥራ ተቀጠረ።

እንግዲህ ልብ ወለዱ የተጻፈው በዚያ ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ተማሪው መብራቱን አጥፍቶ ስለሚተኛ የእንፋሎት ፍላጎት ይቀንሳል፤ እስከ ንጋቱም ድረስ ብዙ ሥራ የለም። ፎክነር እንደሚናገረው የከሰል መጫኛ የእጅ ጋሪ ገልብጦ ጠረጴዛ አድርጎ የማሽኑን ድምፅ እየሰማ ይጽፍ ነበር። በስድስት ሳምንት ጨረስሁት ይል ነበር፤ በገዛ እጁ በጻፈው ረቂቅ ላይ ያለው ቀን ግን ከኦክቶበር 25 እስከ ዲሴምበር 11 ቀን 1929 ስለሚል ወደ ሰባት ሳምንት ይጠጋል። የጀመረበት ሰሞን የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የወደቀበት ሰሞን ነበር። መጽሐፉ በኦክቶበር 1930 ታተመ። የመጽሐፉን ስም ያገኘው ከሆሜር «ኦዲሴይ» ነው፤ የተገደለው ንጉሥ አጋሜምኖን በሙታን አገር ሆኖ ስለ አሟሟቱ ከሚናገርበት ቦታ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሚሲሲፒ ኮረብታ ላይ የምትኖር አዲ ባንድረን የምትባል የድሀ ገበሬ ሚስት ታማ ተኝታለች። ከመስኮቷ በታች የበኵር ልጅዋ አናጢው ካሽ የሬሳ ሣጥኗን ይሠራል። እያንዳንዱን ሳንቃ ከጠረበ በኋላ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያሳያታል። ይህ ለሚያየው ጭካኔ ይመስላል፤ ካሽ ግን ለእናቱ ያለውን ፍቅር በሌላ ቋንቋ ሊናገር አይችልም። አዲ በሕይወት ሳለች ባልዋን አንስን ስሞት አርባ ማይል ርቃ በምትገኘው በጄፈርሰን ከዘመዶቼ ጋር ቅበረኝ ብላ ቃል አስገብታዋለች። ከዘመድ አፅም ጋር መቀበር ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ አንባቢዎች ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ልጆቹ አምስት ናቸው። ካሽን ጠቅሰናል። ሁለተኛው ዳርል ነው። በሌለበት ቦታ የሆነውን የሚያይ፥ የሰውን ልብ የሚያነብብ፥ ስለዚህም ሰው ሁሉ የሚሸሸው ልጅ ነው። ሦስተኛው ጁዌል ቁጡና ዝምተኛ ሲሆን፥ የአንስ ልጅ ሳይሆን እናቱ ከሰባኪው ከዊትፊልድ በምስጢር የወለደችው ነው። አንድ ፈረስ አለው፤ እርሱንም የገዛው ለወራት ሌሊት ሌሊት በፋኖስ ብርሃን የሰው መሬት መንጥሮ ባገኘው ገንዘብ ነው። አራተኛዋ ዱዊ ዴል ናት። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው፤ ፀንሳለች፤ ይህንም ከዳርል በቀር ከቤተ ሰቡ ማንም አያውቅም። የመጨረሻው ትንሹ ቫርደማን ነው። እናቱ በሞተች ቀን አንድ ትልቅ ዓሣ አጥምዶ አርዶ ስለ ነበር የዓሣውና የእናቱ ሞት በልቡ አንድ ሆነው ተደባለቁበት። እናቴ በሣጥኑ ውስጥ ትታፈናለች ብሎ ሌሊት ተነሥቶ ክዳኑን በመሠርሠሪያ ይበሳል፤ መሠርሠሪያውም የእናቱን ፊት ይነካል።

ሰባቱም፥ ስድስቱ ሕያዋን አንዲቱ ሙት፥ በጋሪ ተነሡ። ዝናቡ ወንዙን አስሞልቶ ድልድዮቹን ወስዷቸዋል። በመልካው ለመሻገር ሲሞክሩ በሙላቱ የመጣ ግንድ ጋሪውን ገለበጠው፤ በቅሎዎቹ ሰጠሙ፤ ካሽ ቀድሞ ተሰብሮ የዳነ እግሩ እንደ ገና ተሰበረ፤ ሣጥኑን ጁዌል ከውኃው አዳነው። አንስ ሌላ በቅሎ ለማግኘት ያለ ፈቃዱ የጁዌልን ፈረስ ሸጠበት። የካሽን እግር ለሐኪም እንዳይከፍሉ ሲሚንቶ በጥብጠው አፈሰሱበት። በሐሩሩ ሬሳው መሽተት ጀመረ፤ ጥንብ አንሣዎች ከላይ ይከተሏቸዋል፤ በየመንደሩ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻቸዋል። ዳርል ይህ ውርደት እንዲያበቃ ብሎ ሬሳው ያደረበትን የሰው ጎተራ በእሳት አቃጠለ፤ ጁዌል ግን በእሳቱ መካከል ገብቶ ሣጥኑን አወጣው። ከዘጠኝ ቀን ያህል በኋላ ጄፈርሰን ደረሱ፤ አንስ ከአንዲት ሴት አካፋ ተውሶ አዲን ቀበራት።

ቃሉ ተፈጸመ። ነገር ግን ደራሲው እዚህ ላይ አያቆምም፤ ሒሳቡን ያሳየናል። ካሽ እግሩን ከፈለ። ጁዌል ፈረሱን ከፈለ። ዱዊ ዴል ፅንሱን ለማስወረድ የያዘችውን አሥር ዶላር አባቷ ወሰደባት፤ መድኃኒት እሰጥሻለሁ ያለ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛም አታልሎ ደፈራት። ዳርል ጎተራ በማቃጠሉ ቤተ ሰቡ ካሣ እንዳይከፍል ሲል የገዛ ወንድሞቹና እኅቱ ይዘው ለሹማምንት አስረከቡት፤ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደ። አንስስ? አንስ ለዓመታት የተመኘውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባ፤ ጠጉሩን አበጠረ፤ ሚስቱን በቀበረ ማግስት አካፋ ያዋሰችውን ሴት አዲሲቱ ወይዘሮ ባንድረን ብሎ ለልጆቹ አስተዋወቀ። ለሟች የተገባው ቃል በአንስ አፍ ተነገረ፤ ዋጋው ግን በልጆቹ ሥጋ ተከፈለ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የአዲ የራሷ ምዕራፍ ነው። መጽሐፉ ሃምሳ ዘጠኝ ምዕራፎችና ዐሥራ አምስት ተራኪዎች አሉት፤ ከዐሥራ አምስቱ አንዷ ሟቿ ስትሆን የምትናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም ሣጥኗ ከወንዙ ከወጣ በኋላ። በዚያ እንደምንረዳው ጄፈርሰን ቅበረኝ ያለችው ከዘመድ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ፍቅር የሚለውን ቃል አንስ በባዶ ይጠራው ስለ ነበር፥ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ትቀጣው ዘንድ ነው። ቅጣቱ ግን ከአንስ ጀርባ ወርዶ በልጆቿ ላይ አረፈ። ሰባኪው ዊትፊልድም ኀጢአቱን ለአንስ ሊናዘዝ ሙላት ተሻግሮ ይመጣል፤ አዲ ሳትናገር መሞቷን ሲሰማ ግን ማሰቤ እንደ መናዘዝ ይቈጠርልኛል ብሎ ዝም ይላል። ብዙ የሚናገሩት አንስና ዊትፊልድ ምንም አይከፍሉም። ስለ ፍቅር ቃል የማይተነፍሱት ካሽና ጁዌል ሁሉን ይከፍላሉ። እኛ እንደሚመስለን የመጽሐፉ አሳብ በዚህ ይጠቀለላል። ለሙት የተደረገ ክብር የሚመዘነው ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ በመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ደራሲው እንመለስ። ይህን ሁሉ ሲጽፍ ፎክነር ከቅርብ ቤተ ሰቡ የቀበረው ሰው ጥቂት ነበር። ኀዘኑ የመጣበት ከመጽሐፉ በኋላ ነው።

በ1930 ሮዋን ኦክ ብሎ የሰየመውን አሮጌ ቤት በዕዳ ገዛ። በጃንዋሪ 1931 የመጀመሪያ ልጁ ሴት ተወለደች፤ አላባማ አላት። ዘጠኝ ቀን ያህል ኖራ ሞተች። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ትንሿን ሣጥን በጭኑ ላይ ይዞ ወደ መቃብር ሄደ። የአዲን ሣጥን በወረቀት ላይ አርባ ማይል ያስጓዘው ሰው መጽሐፉ ከታተመ ከሦስት ወር በኋላ የገዛ ልጁን ሣጥን ተሸከመ። በ1932 አባቱ ሞተ፤ የእናቱም ቤት ኃላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። በ1933 ጂል የምትባል ሁለተኛ ልጁ ተወለደች፤ እርሷም አደገች።

ከሁሉ የከፋው በኖቬምበር 10 ቀን 1935 የሆነው ነው። ፎክነር ያልተዋጋበት ጦርነት የአውሮፕላን ፍቅር ስላሳደረበት በ1933 መብረር ተምሮ አውሮፕላን ገዝቶ ነበር። የመጨረሻ ወንድሙን ዲንን ለዚሁ ሙያ ያበረታታው እርሱ ነው፤ አውሮፕላኑንም ለእርሱ አሳልፎ ሰጠው። ዲን በዚያ ቀን ሰዎች አሳፍሮ ሲበር አውሮፕላኑ ወደቀና ከተሳፋሪዎቹ ጋር ሞተ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነበር፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። እንደሚተረከው ፎክነር ሌሊቱን ከአስከሬን አዘጋጁ ጋር ቆይቶ፥ የዲንን ፎቶግራፍ ይዞ፥ እናታቸው ታየው ዘንድ ፊቱን ለማስተካከል ሲሞክሩ አደሩ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው የኦሪት ዘፀአት ቃል ከስድስት ዓመት በፊት በ«ሳርቶሪስ» ውስጥ ለሞተ አንድ አብራሪ መቃብር የጻፈው ያው ቃል ነው።

ታዲያ ዋጋውን ማን ከፈለ ብለን በገዛ መለኪያው ብንጠይቀው በዚህ ጊዜ የከፈለው እርሱ ራሱ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ የሚለውን አሳብ እስከ ዕለተ ሞቱ አልጣለውም። በማርች 1936 የተወለደችውን የወንድሙን ልጅ እንደ አባት ሆኖ አሳደገ፤ አስተማረም። የእናቱ፥ የሚስቱ፥ የሚስቱ ልጆች፥ የወንድሙ ሚስትና ልጅ እንጀራ ሁሉ ከአንድ ብዕር ይወጣ ነበር። ስለዚህ የማይወደውን የሲኒማ ጽሑፍ ለመጻፍ ደጋግሞ ወደ ሆሊውድ ሄደ። ነገር ግን ጻድቅ አናድርገው። ለቀናት የሚዘልቅ መጠጥ ነበረበት፤ ትዳሩም ሰላም አልነበረውም። የዚህን ዋጋ ደግሞ ሚስቱና ልጁ ከፍለዋል።

እነዚህ ዓመታት የታላላቅ መጻሕፍቱም ዓመታት ነበሩ። «አቤሴሎም፥ አቤሴሎም!» በ1936 ሲታተም ከመጽሐፉ ጋር የዮክናፓቶፋ ካርታ ወጣ። ዮክናፓቶፋ በልቡ የፈጠረው አውራጃ ነው፤ ስሙንም በመጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣው ባንድረኖች በሚሻገሩበት በዚያ በሬሳው ጉዞ ታሪክ ውስጥ ነበር። ቢሆንም በ1940ዎቹ አጋማሽ አብዛኞቹ መጻሕፍቱ በሱቅ አይገኙም ነበር። በ1946 ማልኮም ካውሊ የተባለ ሐያሲ ከሥራዎቹ መርጦ አንድ ስብስብ ባወጣ ጊዜ አንባቢ እንደ ገና ፊቱን መለሰለት። የ1949ን የኖቤል ሽልማት በዲሴምበር 1950 ስቶክሆልም ሄዶ ተቀበለ። ከገንዘቡም በከፊል ለጥቁሮች ትምህርት መርጃ አዋለ።

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ወደ ለመንነው ወደ ካሮላይን ባር እንመለስ። በጃንዋሪ 1940 መጨረሻ ሞተች። ፎክነር ሬሳዋን በገዛ ቤቱ ሳሎን አኑሮ የስንብቱን ንግግር ራሱ ተናገረ፤ መቃብሯንም በድንጋይ አሠራ፤ በ1942 የታተመውን «ሙሴ ሆይ፥ ውረድ» የተባለውን መጽሐፍ ለእርሷ መታሰቢያ አደረገ። ይህ እውነተኛ ፍቅር እንደ ነበረ አንጠራጠርም። ነገር ግን ከሳሎኑ ወጥታ የተቀበረችው በከተማው መቃብር ለጥቁሮች በተለየው ክፍል ነው። ደራሲው ሣጥኗን እስከዚያ ወሰን ድረስ ሸኝቷታል፤ ወሰኑን ግን አላፈረሰም።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1955 ኤመት ቲል የተባለ የዐሥራ አራት ዓመት ጥቁር ልጅ በሚሲሲፒ በተገደለ ጊዜ ፎክነር ሮማ ሳለ ግድያውን የሚያወግዝ ቃል አወጣ። የዘር መለያየት ክፉ መሆኑንም በአገሩ ሰዎች ፊት በግልጽ ተናገረ፤ ስለዚህም ጎረቤቶቹና የገዛ ዘመዶቹ ተቈጡት፤ የስድብ ደብዳቤ ጐረፈለት። በ1956 ግን በትልቅ መጽሔት ላይ ለሰሜን ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ አትቸኩሉ፥ ጥቂት ጊዜ ስጡን የሚል ምክር ሰጠ። በዚያው ዓመት ሰክሮ ሳለ የተናገረው ነው የሚባል ከዚህ የከፋ ቃል በጋዜጣ ወጥቶ፥ እርሱም ኋላ አስተባበለ። ጥቁሩ ሊቅ ዱቦይስ በአደባባይ እንከራከር ብሎ ጠራው፤ እርሱ ግን አልሄደም። ወጣቱ ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን በጻፈው መልስ፥ ቆዩ የሚባለው ጊዜ ለሚጠብቀው ሰው ከቶ የማይመጣ ጊዜ መሆኑን አስረዳ። እኛ ሁለቱን ወገን ካነበብን በኋላ ፍርዳችን ከቦልድዊን ጋር ነው። ፎክነር ለሙቲቱ ካሮላይን ሊከፍል የሚገባውን ከፈለ፤ ሕያዋኑን ልጆቿን ግን ቆዩ አላቸው። የመቆየቱን ዋጋ የሚከፍሉት እነርሱ ነበሩ እንጂ እርሱ አልነበረም። ይህንን ስሕተት አስቀድሞ በአንስ ባንድረን ላይ ያሳየን ራሱ ፎክነር መሆኑ እጅግ ያስገርመናል።

የመጨረሻ ዓመታቱን ባጭሩ እንለፍ። በ1957 እና በ1958 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ደራሲ ሆኖ ተቀምጦ የተማሪዎችን ጥያቄ በትዕግሥት መለሰ። በ1960 እናቱ ሞተች። በጁን 1962 ከፈረስ ወድቆ ታመመ፤ በጁላይ 6 ቀን ባይሄሊያ በምትባል ከተማ ባለ የሕክምና ቤት ልቡ ቆሞ ሞተ። ዕድሜው ስድሳ አራት ነበር። ቀኑ ደግሞ ያ ቅድመ አያቱ የተወለደበት ቀን ነው። በማግሥቱ ሲቀበር የኦክስፎርድ ሱቆች ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ተዘጉ። የማይረባ መስፍን ያለችው ከተማ የከፈለችው ዋጋ ያ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በሴፕቴምበር 30 ሌሊት፥ ጄምስ ሜሬዲት የሚባል ጥቁር ተማሪ ወደ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ሕዝብ ተነሣ። ድንጋይና ጥይት ተወረወረ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ የመንግሥት ጦር ገባ። በማግሥቱ ኦክቶበር 1 ቀን 1962 ሜሬዲት በፌዴራል ማርሻሎች ታጅቦ ተመዘገበ። ፎክነር በሌሊት ተቀምጦ ልብ ወለዱን የጻፈበት ግቢ ያው ነበር። ሜሬዲት በምክር እስኪፈቀድለት ቆይቶ አልነበረም የገባው።

እንግዲህ መጽሐፉን ጀምራችሁ የዘጋችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፥ እንደ ገና ክፈቱት። በየምዕራፉ ራስ ላይ ያለው ስም የሚናገረው ሰው ስም መሆኑን እያስተዋላችሁ፥ በአንድ ወረቀት የቤተ ሰቡን ዝርዝር ይዛችሁ ብታነብቡት ያን ያህል አይከብድም። ወደ መጨረሻው ስትደርሱ፥ ካሽ በሲሚንቶ የጠቆረ እግሩን ዘርግቶ ጋሪው ላይ ተቀምጦ፥ ወንድሙ ዳርል እብድ ይሁን ደኅና ማን ሊፈርድ እንደሚችል ለብቻው ሲያስብ ታገኙታላችሁ። በዚያ ቤት ሁሉን የከፈለው ሰው በማንም ላይ ለመፍረድ የማይቸኩለው ሰው ነው። እኛም በፎክነር ላይ የፈረድነውን ከፈረድን በኋላ ወደዚያ ገጽ ተመልሰን አንድ ጊዜ ደግመን አነበብነው።